የወጌሻ ሕግና የእናቴ ቢላ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ልጅ አስያን ይዤ አሶሳ ክሊኒክ ሄድኩ። ወድቃ የእጇን አንጓ ሰብራ ነበር። ድሬሰሩ ዳብሶ አሰረላትና በካርዷ ላይ ቁጥር ጻፈ። «እማማ፣ ይህ ቁጥር በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ተሰብሯል ማለት ነው። የትም ሐኪም ቤት ቢሄዱ ያውቁታል» አለኝ። ይህማ እኛም ነበረን አልኩ በልቤ።

በልጅነቴ የአገራችን ወጌሾች ስብራት ሲያስሩ በቀርከሃው ስንጥር ላይ በከሰል ምልክት ያደርጉ ነበር። በአውራ ጣት በኩል ከሆነ ሰረዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ከሆነ ነጥብ፣ አጥንቱ ከቦታው ከወጣ ክብ። መንገደኛ በሄደበት ያለ ወጌሻ ሳይፈታ ያነበዋል። ሳይፈታ! ሕጋቸው «ያሰረው ይፍታው» ነበርና። ሌላው ፈትቶት አጥንቱ ቢጣመም ጠቡ ለሁለት ቤት ይተርፋል።

እኔ የወደቅሁት ክረምቱ ሲገባ፣ ወርቅ ስናጥብ ድንጋይ አዳልጦኝ ነው። ለጋብቻ የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ፤ የተሰበረውም ቀኝ እጄ። የመንደራችን ወጌሻ ሸህ ኢድሪስ በሰሊጥ ዘይት አሽተው አሰሩኝ፤ ሰረዝና ክብ አደረጉበት። በማግስቱ ለለቅሶ የዳቡስን ወንዝ ተሻገሩ። ዝናቡ ሳያባራ ዋለ፣ አደረ፤ ወንዙም ሞላ።

ጣቶቼ አበጡ። መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ቀጥሎ ቀዘቀዙ፣ በኋላ ጭራሽ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ። ጥፍሮቼ መጥቆር ጀመሩ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የኔ እናት ግን ራሷ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ፈሪ ነበረች። በአህያ ጭና፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ በጎረቤት መንደር ወዳለችው ወጌሻ ወደ ዘይነብ ወሰደችኝ።

ዘይነብ ምልክቱን አየች፤ ጣቶቼን ነካች። «አስተሳሰሩ ትክክል ነው። እብጠቱ ነው ያጠበቀው» አለች።

«ፍቺላት፣ እህቴ» አለች እናቴ።

«ወላሂ አልችልም። ያሰረው ይፍታው።»

«ዳቡስ ሞልቷል እኮ! እስኪጎድል እጇ ይሞታል!»

ዘይነብ አንገቷን ደፋች። ማዘኗን አይቻለሁ፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጠላኋት፣ እውነቴን ነው።

እናቴ ከቀርከሃው ግድግዳ ላይ የተሰካውን ቢላ መዘዘች። «ሕጉ የወጌሻ ነው። እኔ ወጌሻ አይደለሁም» አለች።

ዘይነብ ጀርባዋን ሰጠችን። ከዚያ ለግድግዳው የምታወራ ይመስል «ከክንድ በኩል ጀምሪ… ስለቱን ወደ ላይ… ቀስ» ትል ጀመር። እናቴ ስለቱን ከማሰሪያው ጨርቅ ስር አስገባች። ጨርቁ ሲበጠስ ደሙ ወደ ጣቶቼ ተመለሰና እንደ እሳት ፈጀኝ፤ ጮህኩ።

«አመመሽ? አልሐምዱሊላህ!» ብላ እናቴ አለቀሰች።

ዘይነብ ዞረች። «እንግዲህ ያልታሰረ እጅ መጣልኝ» አለችና ላላ አድርጋ አሰረችኝ፤ የራሷንም ምልክት አደረገችበት።

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን። እናቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ መጉረስ አቃታት። በግራ እጄ አጎረስኳት። በግራ ማጉረስ በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የዚያን ቀን ግን እናቴ ጎረሰች።

ቁጥሩም ምልክቱም የቱ አጥንት እንደተሰበረ ይናገራሉ፤ አልንቃቸውም። ጣት መቀዝቀዙን የሚያውቀው ግን አጠገብ ያለ ሰው ነው። ከክሊኒኩ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የአስያን ጥፍር ጫን እያደረግኩ «ይሰማሻል?» እላታለሁ።

«ሐቦባ፣ አሰለቸሽኝ!» ትለኛለች አያቷን።

ላሰልቻት።