ኩኩ ሐሙስ ይወጣል

የባሌ የእንየው ጆሮ የደከመ ሰሞን ትዳራችን እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። እውነቴን ነው። ሌላዋ ሴት ባሏ አልሰማ ሲላት ታለቅስ ይሆናል፤ እኔ ግን ከጀርባው ቆሜ የልቤን እናገር ነበር። «ካልሲህን ከአልጋ ሥር የሚያወጣልህ ማነው? የአባትህ ሎሌ?» እለዋለሁ። ዘወር ብሎ ፈገግ ይላል። «ግትር በሬ!» እለዋለሁ። «አሜን» ይላል። የምመርቀው ይመስለዋል።

ሀርጌሳ እንደመጣን እንየው መጀመሪያ የገባው አያሃ የሚባል ሰፈር፣ ብሎኬት ማምረቻ ነበር። ያ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው እየዋለ ጆሮውን በላው። ከዚያ ያወጣችን ዴቃ ናት፤ ውለታዋን እግዜር ይክፈላት። ዴቃ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ናት። የዚሁ አገር ልጅ ብትሆንም ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እሱን ወጥ ቤት፣ እኔን ወለልና አንሶላ ላይ አስገባችን። እዚህ ሥራ ነክ ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእኔ ስም «ክሊነር»፣ የእሱ «ኩክ» ሆነ። «ኩኩ የታለ?» «ኩኩን ጥሩልኝ» ነው የሚሉት። እንየው መጀመሪያ ሰሞን በጣም ይከፋው ነበር።

«ብርቄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርጌያቸው ነው የጆሮ ቆሻሻ የሚሉኝ?»

«ወጥ ሠሪ ማለታቸው ነው» አልኩት፣ ጆሮው ውስጥ እየጮህኩ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ የወሰደችንም ዴቃ ናት። ሐኪሟ ሲራድ ትባላለች፤ ጅግጅጋ የተማረች፣ አማርኛ የምትችል፣ ቁጣዋ የእናት የሆነ ሴት ናት። መረመረችውና ሁለት ትናንሽ የመስሚያ ማሽኖች ከጆሮው ኋላ ሰካችለት። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ይባል የለ? አበደ! ፍሪጁ ይጮሃል አለ። የጎረቤት ፍየል ስታላምጥ ረበሸችኝ አለ። «ብርቄ፣ ነጠላ ጫማሽ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ የሚንጣጣው?» አለኝ። የእኔ ነጻነትም በዚያው አለቀ፤ ስድቤን ሁሉ ወደ ሆዴ መለስኩት።

ግን ያፍር ነበር። ነጩን የወጥ ቤት ቆብ እስከ ጆሮው ድረስ ይደፋና ማሽኖቹን ይሸፍናቸዋል። ከዴቃና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። በተለይ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሀጂ መሀድ እንዳይሰሙ አስምሎናል። «ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ» ይላል።

ሲራድ ማሽኖቹን ስትሰጠው ትንሽዬ ብሩሽ አብራ ሰጥታው ነበር። ጫፋቸው ላይ ደቃቅ ወንፊት አለች፤ የጆሮ ኩክ እንዳይደፍናት በየጠዋቱ ጥረጋት፣ ጆሮህ ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር እንዳትከት ብላዋለች። እንየው ብሩሹን ወስዶ ሰዓቱን ይወለውልበታል። ጆሮውን ደግሞ ከእንግዶች ጠረጴዛ ላይ ስቴኪኒ እያነሳ ይጎረጉረዋል። «አንተ ሰው፣ ተው!» ስለው፣ «ሲበላኝ ምን ላርግ?» ይለኛል። የሚያወጣ መስሎት ኩኩን ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀው ኖሯል።

ብዙም አልቆየ፣ ፉጨት ተጀመረ። እንየው ድስት ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር ከቆቡ ሥር «ሲይይይይ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ዴቃ ከውጭ «ሻሂው ፈላ፣ አውጡት!» ትላለች። አንዱ እንግዳማ የእሳት አደጋ ደወል መስሎት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ መንገድ ሮጠ። ፉጨቱን የማይሰማው ራሱ እንየው ብቻ ነው። «ሰውየው ምን ሆኖ ነው ምሳው ሳይደርስ የሚሮጠው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ መስማቱ ሲቀንስ የድሮ ነጻነቴ ተመልሶልኝ ነበር።

ያ ሁሉ ጨዋታ ያበቃው የባስቶው ቀን ነው። እዚህ ፓስታን «ባስቶ» ይሉታል። የሚያቃጥለውን የቃሪያ ድልህ ደግሞ «ባስባስ» ይሉታል። ከጅቡቲ በረራ የወረዱ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ባስቶ አዘዙ። እንየው ሆዬ የሰማው ባስባስ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ባስባስ፣ ከማንኪያ ጋር፣ በትሕትና እጅ ነስቶ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ሾርባ መሰላቸው መሰለኝ ሞላ አድርገው ጎረሱ። እመቤቴን! መጀመሪያ በሱማልኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ፣ መጨረሻ ላይ በፈረንሳይኛ ጮኹ።

ሀጂ መሀድ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ሀጂ አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ እንግዳ እንዳይሰማ ሲፈልጉ ከዴቃ ጋር በአማርኛ ነው የሚነጋገሩት።

«ዴቃ» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ካየሁ ወላሂ ሌላ ኩክ አመጣለሁ።»

እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር። ሳቄ እዚያው ደረቀ። እንየው ከዚህ ወጥ ቤት ከወጣ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም፤ ተመልሶ የሚገባው ያ ብሎኬት ማሽን ሥር ነው፣ ማሽኑም የተረፈችውን ጆሮ ሰልቅጦ ይጨርሳታል። ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? በማግስቱ እጁን ይዤ ሲራድ ዘንድ ወሰድኩት።

ሲራድ በመብራት አየችው፤ አንዱን ጆሮ አየች፣ ሌላውንም አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሽ እንየው፣ ጆሮዎ አልባሰም። ኩክ ነው።»

«አዎ፣ ኩክ ነኝ» አላት።

«ኩክ ነው እያልኩዎ ነው!»

«አዎ፣ የእንግዳ ማረፊያው። ብርቄም እዚያው ናት።»

እኔና ሲራድ ተያየን። ከዚያ በምልክት ጭምር አስረዳነው። ማሽኖቹን የሚያስፏጫቸው ኩኩ ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ እንዲህ እንዳለ ብንነካው ያቆስለዋል፣ ማታ ማታ የወይራ ዘይት ጠብ ይደረግለት፣ እስከዚያ ማሽኖቹን አያድርግ፣ ሐሙስ ይምጣና አወጣዋለሁ አለች። የስቴኪኒውን ነገር ስነግራት ቁጣዋን አልነግራችሁም። እንየው ዘይቱን ሲሰማ፣ «ጆሮዬ ሰላጣ ነው እንዴ?» ብሎ ተኮሳተረ።

መቼም ያለ ማሽን ምግብ ማዘዣ መስማት አይችልም። ስለዚህ ዴቃን፣ «እባክሽ ለሀጂ እውነቱን ንገሪልኝ፤ እስከ ሐሙስ ይታገሡን» ብዬ ለመንኳት። መሐላዬን ማፍረሴን እንየው ይሰማል ብዬ አልሰጋሁም፤ ያን ጊዜ መድፍ ቢተኮስም አይሰማ። ዴቃ እዚያው ፊቴ የስልኳን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ደወለች።

«ሀጂ፣ ጋሽ እንየው እኮ ጆሮው ተደፍኖ…» ማለት ስትጀምር አውሮፕላን በራሳችን ላይ እየጮኸ አለፈ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም!»

«ችግሩ ኩኩ ነው እያልኩ ነው!»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ ሀጂ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሐሙስ ይወጣል።»

«በራሱ ፈቃድ?»

«ኧረ በራሱስ እምቢ ብሏል! ብዙ ጊዜ ስለተቀመጠ ደርቋል። አሁን እያለሳለስነው ነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። ብቻ ጠብ እንዳይኖር።»

«አይ፣ ጠብማ የግድ ነው፤ ማታ ማታ ጠብ ነው። ብርቅነሽ ናት የምታደርገው።»

«ከገዛ ሚስቱ ጋር? ላ ሐውለ…» አሉና፣ «በሉ በሰላም ይውጣ» ብለው ዘጉ።

ዴቃ ወደ እኔ ዞራ፣ «አየሽ? እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው፣ አቦ!» አለችኝ። እኔም መረቅኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሲራድ ለብ ባለ ውኃ አጠበችው፤ ኩኩ ዱብ ብሎ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ሽምብራ ያክላል! ማሽኖቹን ጠርጋ፣ ወንፊቶቹን ለውጣ መልሳ ሰካችለት። እንየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ብርቄ፣ ተናገሪ እስኪ» አለኝ። «ምን ልበል?» ብዬ እንደ ልማዴ ብጮህ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?» አለኝ። እኔም እንባዬ መጣ።

ስንመለስ ዘበኛው እንየውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «አይዞህ፣ አላህ የተሻለውን ይሰጥሃል» አለው። እንየው ደስ አለው። «ስለ ጆሮዬ ሰምቶ ነው» አለኝ። የጎረቤቱ ባለሱቅም ከንፈሩን መጠጠልን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን ያልሰማን እኛ ነን። ወጥ ቤት ስንገባ አንድ ጺማም ሰውዬ የእንየውን ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ይከትፋል።

«አንተ ማነህ?» አለው እንየው።

«ዋሊድ። አዲሱ ኩክ።»

በሩ አጠገብ የተከመረውን አንሶላ አንስቼ ታቀፍኩ። ወዲያው ሀጂ መሀድ ከዴቃ ጋር ገቡ። እንየውን ሲያዩ ደነገጡ።

«አንተ አልወጣህም እንዴ?»

«ወጥቼ መመለሴ ነው፣ ሀጂ።»

ሀጂ ወደ ዴቃ ዞሩ። «ኩኩ ሐሙስ ይወጣል አላልሽኝም?»

«ወጣ እኮ! ዛሬ ጠዋት ወጣ!»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

«ጋሽ እንየው ነዋ!»

«እሱ አይደለም እንዴ ኩኩ?»

«ኩኩማ ወጥቷል ነው የምልዎ! ብርቅነሽ በዓይኗ አይታዋለች!»

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አልኩ፣ ነገሩ ሳይገባኝ። «ሳህን ላይ ነው የወደቀው። ሽምብራ ያክላል።»

ሀጂ እኔን አዩ። ዴቃን አዩ። ግዙፉን እንየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዋሊድ ቢላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ያበድን ሳንመስለው አልቀረም።

«ሽምብራ የሚያክል…» አሉ ሀጂ። «ቆይ፣ ቆይ። የጆሮ ኩክ?»

ዴቃ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ጉዴ! ጠብ ያልኩዎ የዘይት ጠብታ ነው እኮ!»

ሁላችንም ልንስቅ ስንል ሀጂ ግን አልሳቁም። «ጆሮው ምን ሆኖ ነው?» አሉ። እንየው እስከ ጆሮው የደፋውን ቆብ አወለቀ፤ ሁለቱ ማሽኖች ከጆሮው ኋላ ለሁሉም ታዩ።

«ጆሮዬን ብሎኬት ማሽን ነው የበላው፣ ሀጂ። የምሰማው በእነዚህ ነው። ደንቆሮ እንዳይሉኝ ብዬ ደበቅኩዎት። ማሽኖቹን የደፈናቸው ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው።»

ሀጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። «እንግዳዬን ባስባስ አብልተህብኛል እንየው። ሰውየው እስከ ዛሬ ውኃ እየጠጣ ነው። በምን ልመንህ?» አሉና ሄደው በሩ ጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ገባን፤ ሊፈትኑት ነው። ድምፁ እንዳይረብሸው ዋሊድ ራሱ ጋዙን አጠፋ፣ እግዜር ይስጠው።

እኔ አንሶላ ታቅፌ ከእንየው ጀርባ ቆሜያለሁ። በዚያ ብሎኬት አቧራ ተለውሶ ወደ ቤት ሲገባ ታየኝ። እንደ ልማዴ ከንፈሬ ብቻውን ማጉተምተም ጀመረ። «ግትር በሬ! ያን ስቴኪኒ ተው ስትባል ብትተው ምን ነበር?» አልኩ። ቀጥዬም፣ «የኔ ጌታ፣ አንተ እዚያ ማሽን ሥር ከምትመለስ እኔ ልደንቁርልህ። በዚህ አገር ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» አልኩ።

ሀጂ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ እስትንፋስ በምታክል ድምፅ፣ «ባስቶ» አሉ።

እንየው ቆቡን መልሶ ደፋ፤ ከጆሮው በላይ አድርጎ።

«በሥጋ ነው በቲማቲም?»

ዴቃ እልልታዋን አቀለጠችው። ሀጂ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በሥጋ! ባስባሱን ግን ለብቻው፣ በትንሽዬ ሳህን!» አሉ። ዋሊድም አልተባረረም፤ እራቱን እሱ እንዲይዝ ተደረገ። «ሁለት ኩክ ይኖረናል» አሉ ሀጂ ሲወጡ፣ «አንዱን ግን በየጠዋቱ ጥረጉልኝ።»

ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄደ። እኔም አንሶላዬን አስተካክዬ ልወጣ ስል እንየው ፊቱን ሳያዞር ጠራኝ።

«ብርቄ፣ ቅድም ከኋላዬ ያልሽውን ሰምቼዋለሁ።»

ፊቴ ጋለ። «የቱን?»

«ሁለቱንም» አለና ባስቶውን ማማሰል ቀጠለ።