አራት ዙር ከፊት፣ አምስት ዙር ከኋላ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ያሲን አሮጌ ላንድክሩዘር ገዝቶ እዚህ ኻርቱም፣ ሳሃፋ ሰፈር በራችን ላይ አቆማት። ጦርነቱን ሸሽተን ስንመለስ የድሮዋን መኪናችንን ስላላገኘናት በዚህችኛዋ ደስታው ሌላ ነው። ገና ሳይነዳት ትልልቅ ጎማ አስገጠመላት። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ መካኒኩ እንዲህ ሲለው ሰማሁ፦ «ጎማው ስለተለቀ መጎተት ከብዷታል። ለጊዜው የኋላውን ጥርስ እንቀይር፣ የፊቱ ይቆያል፣ ኢንሻላህ።»

ምራቄ መረረኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወሎ መጥቼ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ከቆየሁ በኋላ፣ እዚያው አጠገብ ባሕሪ ውስጥ አንድ የአበሻ ጋራዥ ገባሁ። ሥራዬ ግቢ መጥረግና የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር። እጄ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ሙሉ ሎሚ ባሽበትም አይለቀኝም። የጋራዡ ጌታ ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያው፣ ደምሴ ይባላል፤ ፖለቲካ ያሰደደው፣ የተማረ ሰው ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ እሱ ስለ ጭቆናና ስለ ድሃው መብት ሲናገር መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ እሰማው ነበር። ዛሬ ያ አቋቋሜ ራሱ ያሳፍረኛል።

ሥራውን ግን ያውቅ ነበር። ጎማ ሲተልቅ ሞተሩ ስለሚከብደው፣ ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ጥርስ ተቀይሮ ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣው ዘንግ ለአንድ የጎማ ዙር ከበፊቱ በዝቶ እንዲዞር ይደረጋል። ይህ ሲሆን የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ፣ አራቱም ጎማ አንድ ላይ እንዲጎትት ሲደረግ ፊቱ ወዲህ ኋላው ወዲያ ይልና መሀል ላይ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ይሰበራል። ኡስታ ይህን ሳይፈቱ ማወቂያ ዘዴ ለሠራተኞቹ ሲያሳይ አይቻለሁ፦ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ማንሳት፣ ጎማውና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ዘንግ ላይ በጠመኔ ማስመር፣ ጎማውን ሁለት ጊዜ ማዞር፣ ዘንጉ ስንት እንደዞረ መቁጠር።

ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የካፉሪ ሀብታም በረሃ መውጣት ይወዱ ነበርና መኪናቸውን አመጡ። ሾፌራቸው ሰይድ የእኔው አገር ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን ራሱ አጥቦ የሚተኩስ። የሥራ ወረቀቱ በሐጁ ስም ነው፤ እሳቸው ካባረሩት ኻርቱም ላይ መቆሚያ የለውም። በኋላ እንደገባኝ፣ ኡስታ ገበያ ላይ ያገኘው የኋላውን ጥርስ ብቻ ነበር። ለሐጁ ግን «ፊትም ኋላም ቀይሬልዎታለሁ» አላቸው። እኔ ያጠብኩት የተፈታ ዕቃ ግን የአንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ጁምዓ ዕለት፣ እኔ በሌለሁበት ሠርተውት ይሆናል አልኩ።

የአሸዋ ማዕበሉ ሃቡብ በሚነሳበት ወራት ሐጁ እናታቸውን ይዘው ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን ወደ በረሃው ወጡ። አሸዋ ውስጥ ሰይድ የፊቱም ጎማ እንዲጎትት ሲያስገባ መኪናዋ አጓራችና ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ተሰነጠቀ። አሮጊቷ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋሉ። መኪናዋ በሎሪ ተጭና በተመለሰች ማግስት ሐጁ ሰይድን አስከትለው፣ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ሾፌሩ ነው» አለ ኡስታ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ደረቅ መሬት ላይ የፊቱን ሳያላቅቅ ነድቶ ነው የሰበራት።»

«ወላሂ አሸዋ ላይ ነው» አለ ሰይድ።

እኔ ጠመኔ አንስቼ መጣሁ። «ሐጅ፣ የፊቱ ጥርስ አልተቀየረም። ራስዎ ይቁጠሩ» አልኳቸው በአረብኛ።

ኡስታ ተጠግቶ በአማርኛ «አንቺ፣ ያገር ልጅ ገመና በባዕድ ፊት ይገለጣል?» አለኝ።

«ሰይድስ የየት አገር ልጅ ነው?»

ሰይድ ክሪኩን አመጣ። የፊቱን ጎማ ሁለት ጊዜ አዞረው፤ ሐጁ ጀለቢያቸውን ሰብስበው አጎንብሰው ቆጠሩ። ዋሂድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ፣ አርባዓ፣ ከዚያ ትንሽ። ኋላ ሄደን እንዲሁ አደረግን፤ አምስት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሐጁ እንደገና አስዞሩ። ያው ነው።

ተሳካ አልኩ። ልጅ ነበርኩ።

ሐጁ ቀና ብለው ጉልበታቸውን አራገፉና «ማዓሌሽ ሰይድ» አሉ፣ እንደ ይቅርታ። «ግን ኻላስ፣ አልቋል፤ ትናንት በቤተሰቡ ሁሉ ፊት አባርሬዋለሁ ብያለሁ። ዛሬ መልሼ ይዤህ ብገባ ምን ይሉኛል?» ወደ ኡስታ ዞረው ደግሞ «የፊቱን አስተካክል» አሉት፤ ቁጣ እንኳን የለበትም።

የቁርስ ሰዓት ደርሶ ፉሉ ቀረበ፤ የሰሊጥ ዘይት ፈሶበት፣ ሽንኩርትና አይብ ተነስንሶበት። ሐጁና ኡስታ አንድ ትሪ ላይ ተቀመጡ። ኡስታ አንድ ቀልድ ተናገረ፣ ሐጁ ሳቁ። ሠራተኞቹም እየተጠጉ እጃቸውን ሰደዱ። ያ ሁሉ ጣት አንድ ሳህን ውስጥ ሲተረማመስ ቆሜ አየሁ። ሰይድን ማንም ና ብላ አላለውም።

እስከ በሩ ተከተልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። «ትናንት 'ምናልባት እኔው ነኝ የሰበርኳት' እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር» አለኝ። «አሁን ያ መጽናኛም ቀረ፣ ዘይነብ።» አልተቆጣም። ገዳሪፍ ሄደ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እኔም በነጋታው ወደዚያ ጋራዥ አልተመለስኩም።

የያሲንን መካኒክ «ወይ ሁለቱንም ቀይር፣ ወይ አንዱንም አትንካ» አልኩት። «አንቺ ሐጃ፣ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያሲንም ፊቴን አይቶ መኪናዋን ሁለቱም ጥርስ እስኪገኝ አቆማት።

ኡስታ ዋሽቷል፤ ውሸታም ሞልቷል። እኔን እስከዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ የሐጁ ነገር ነው። በገዛ ዓይናቸው አይተው፣ በገዛ አፋቸው ቆጥረው፣ አምነው፣ የእሳቸው ማፈር ከአንድ ሰው እንጀራ በለጠባቸው። ሰይድን ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ስላስቆጠርኩ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሲበሉ ዝም ብዬ ስለቆምኩ ነው። ያን ትሪ መድፋት ነበረብኝ።