ጨዋታው እስኪያልቅ

ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ዛሬም አባይነህን ያማል። ለቅሶ ሊደርሰው የመጣውን ሚዜውን ከቤት አባረረ ይሉታል። አዎ፣ አባሯል። ግን ለምን እንዳባረረው ከሥሩ የሚያወራ የለም፤ ሐሜት እንዲህ ነው፣ የሚጥመውን ቆርሶ ሌላውን ይተዋል።

አባይነህ የዳቦ መኪና ሾፌር ነው። ጠዋት ከካልጋሪ ይነሳና ደቡብ እስከ ኦኮቶክስ፣ ሰሜን እስከ ኤርድሪ ለየሱቁ ያከፋፍላል። አዲስ መጤ ሳለ እንግሊዝኛውን ሊያሻሽል የከፈተው ሬዲዮ የቶሮንቶውን ቡድን፣ የብሉ ጄይስን የቤዝቦል ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር። ሳይገባው ሰማ፣ እየሰማ ገባው፣ ከገባው በኋላ አልለቀቀውም። ፎረስት ሎን ሰፈር በሚገኘው በሚዜው በቴዎፍሎስ ምግብ ቤት ሰው ሁሉ እግር ኳስ ላይ ሲጮህ እሱ ጥግ ይዞ "አንዴ ቻናሉን ቀይሩልኝ" እያለ ይለምናል። ማንም አይቀይርለትም። ቴዎፍሎስማ መቀለጃ አድርጎታል። "ሰውዬው ዱላ ይዞ ቆሞ ይተፋል፣ አንተ ታጨበጭባለህ" ይለዋል።

ጆሮ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሙ ኪራኮስ ብቻ ነበር። ጨዋታው ገብቶት አይደለም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ አባይነህን ያሳደገው እሱ ነውና የወንድሙን ድምፅ ሞቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ያ የዱላ ጨዋታችሁ እንዴት ሆነ?" ብሎ ነው።

በዚያ መከር ብሉ ጄይስ ለዋንጫ ደረሰ፤ ዋንጫውን የሚወስደው አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው። በዚያው ሰሞን ኪራኮስ ሆስፒታል ገባ። አባይነህ ወዲያው ልብረር ቢል ሚስቱ ራሔል እና ቴዎፍሎስ ያዙት። "ሐኪሞቹ ተረጋግቷል፣ ስቴብል ነው ብለዋል፣ ምን ያስቸኩልሃል፣ ፋይናሉን ጨርሰህ ሂድ" አሉት። ኪራኮስም በደከመ ድምፅ "ውጤቱን ይዘህልኝ ና" አለው። አባይነህ ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት የሚነሳ ትኬት ቆረጠ። እስከዚያው ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ይደውላል፤ እዚያ ማለዳ ነው፣ አስታማሚዋ እህታቸው አፀደ ስልኩን የበሽተኛው ጆሮ ላይ ታደርግለታለች። አባይነህ የሚፈልገው ሌላ አልነበረም፤ ወንድሙን በሕይወት አግኝቶ የመጨረሻውን ውጤት በአፉ ሊነግረው።

ማክሰኞ ዕለት ቡድኑ ሎስ አንጀለስ ሄዶ አሸነፈ። አባይነህ ደስ ብሎት ስልኩን ሲፈልግ ራሔል አንስታዋለች። "ኔትወርክ የለም" አለችው። "የኢትዮጵያ መስመር ተቋርጧል አሉ።" ይህን ቃል የሚጠራጠር ሐበሻ የት ይገኛል? ስንት ጊዜ ተቋርጦ አይተናል። አባይነህም አመነ። ስልኩን ስትመልስለት አፀደ የምትደውልበት ቁጥር ከላዩ እንደጠፋ አላስተዋለም።

ረቡዕ ወደ ቴዎፍሎስ ምግብ ቤት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ቤዝቦል ላይ ተከፍቶ ጠበቀው። ቴዎፍሎስ በየዓይነቱን ራሱ አቅርቦለት አጠገቡ ተቀመጠ፤ ማጨብጨብ የሌለበት ቦታ ሁሉ ያጨበጭባል። ሌላውም ሰው አብሮ ይጮሃል። ቡድኑ ደገመ፤ ለዋንጫው አንድ ድል ቀረው። አባይነህ ዘሎ ቴዎፍሎስን አቀፈው። በመጨረሻ ገባቸው ብሎ ሆዱ ባባ።

ዓርብ ተሸነፉ። ቅዳሜ የመጨረሻው ሆነ። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየመሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ ቢያስወጡ ዋንጫው የእነሱ ነበር። ተጋጣሚው ኳሷን ከአጥር ውጭ ላካትና እኩል ሆኑ። በተጨመረው ዙር አለቀላቸው። አባይነህ ራሱን ይዞ ቀና ሲል ራሔል ታለቅሳለች፤ ቤዝ ምን እንደሆነ እንኳ የማታውቅ ሴት። ትከሻዋን ይዞ "በቃ፣ ለከርሞ ነው" ብሎ አባበላት። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ መሬት አቀረቀረ።

እሑድ ገና ሳይነጋ የበሩ ደወል ጮኸ። አባይነህ የሐበሻው ሽማግሌ የሆኑትን ጋሼ የሺጥላን ጥቁር ካፖርት ለብሰው ከኋላቸው ሰው አስከትለው ሲያያቸው ለምን እንደመጡ ገባው።

"መቼ?" አለ፣ አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት።

"ረቡዕ ነው ልጄ። ሐሙስ ተቀበረ" አሉት ጋሼ የሺጥላ። "ሰው ሁሉ ከሺፍት እስኪያርፍ፣ አንተም ጨዋታህ እስኪያልቅልህ ብለን ነው።"

ረቡዕ። የጨፈረበት ቀን። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለቡድኑ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው፤ አንጀቱ አረረ። ቢሆንም ዋጠው፤ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ ራሱም ለሌላ ሰው አድርጎት ያውቃል።

ረፋድ ላይ፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ አፀደ በራሔል ስልክ ደወለች።

"ለምን ጠፋህብን?" አለችው። "ረቡዕ ጠዋት አባይነህን አገናኙኝ እያለ ነበር። ደክሟል ብዬ ለራሔል ደወልኩላት። አልነገረችህም? እስከ ቀትር እኮ ስልኩ አጠገቡ ነበር። የዱላው ጨዋታ እንዴት ሆነ፣ አልደወለም ወይ እያለ።"

እዚያ ረቡዕ ጠዋት ሲሆን እዚህ ገና የማክሰኞ ምሽት ነው። አባይነህ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ሚስቱን አያት። ራሔል ወደ ቴዎፍሎስ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አለ ቴዎፍሎስ። "ምን ላድርግ ስትለኝ ስልኩን ያዢው አልኳት። እንደዛ ሆኖ ሲያወራ ብትሰማው ትደነግጣለህ፣ ጠዋት ሃይዌይ ላይ ነህ። ላንተ ብዬ ነው።"

"ሞቱን ብትደብቁኝ ወግ ነው እላለሁ" አለ አባይነህ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ኪራኮስ ግን ያን ጊዜ አልሞተም። በሕይወት ያለ ሰው ነው የደበቃችሁብኝ። እየጠራኝ።"

"ልጄ፣ በለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም" አሉ ጋሼ የሺጥላ።

"እርስዎ ዝም ይበሉ።" ተነስቶ በሩን ከፈተ። "ቴዎፍሎስ፣ ውጣ።"

ቴዎፍሎስ በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የራሱን እየፈለገ ብዙ ቆየ። ማንም አልረዳውም። ከወጣ በኋላ አባይነህ በሩን ዘጋና ስልኩን አነሳ። አፀደ አልዘጋችም።

"አፀደ።"

"አቤት።"

"አሸንፈን ነበር" አላት። "ያን ዕለት አሸንፈን ነበር።"