የኦቦ ለሚ ሮቦቶች

ባለፈው ወር ጊንጪ አራተኛ ክፍል እያስተማርኩ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፤ ትንሽ ዝም ይልና ጠቅ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እጄ ቆመ። ድምፁን አውቀዋለሁ። የመኪና በር ዞሮ ክንድ ሲሆን የሚሰማ የፕላስቲክ ድምፅ ነው፤ የመጨረሻዋ ጠቅታ ደግሞ መጋጠሚያው ቦታውን ሲይዝ የምትወጣ ናት። ወደ ኋላ ሄጄ እጄን ስዘረጋ አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ከጠረጴዛው ሥር እየተጣጠፈ መኪና የሚሆን ቀይ መጫወቻ ሮቦት አውጥታ ሰጠችኝ። ልቆጣት ነበር የሄድኩት። ሳላስበው ግን ሮቦቱን አገላበጥኩት። ክንዱን አንስቼ ለቀቅኩ፣ መዳፌ ላይ አቆምኩት፣ የጉልበቱን ብሎን በጥፍሬ ነካ አደረግኩ።

"ጉልበቱ ላልቷል። ትከሻው ግን ደህና ነው" አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ግን ያስተማርኩት ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው፤ እንዲህ እያደረገ ሮቦት የሚመረምር ሰው በሕይወቴ የማውቀው አንድ ብቻ ነውና። ኦቦ ለሚ ይባሉ ነበር።

ያኔ እኔ አምቦ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ ቅዳሜ ጉደር አክስቴን ጠይቀን ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። እናቴ ጉልበቷን ተልጣ ተረፈች፤ እኔ ግን ቀኝ እጄ ከሥር ቀርቶ አንጓዬና ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁት እጅ የራሴ አልመስል አለኝ። ከስቷል፣ ገርጥቷል፣ ቆዳው እየተቀረፈ ይረግፋል፤ ጣቶቹ ደግሞ እንደተጨበጡ ደርቀዋል። እናቴ ብዕር ስታስይዘኝ ብዕሩ መሬት ወደቀ። አንስታ ደግማ አስያዘችኝ፤ ደግሞ ወደቀ። በጽሕፈቴ ከክፍሉ የሚበልጠኝ አልነበረም፤ የሌሎቹን ርዕስ እንኳ አሳምሬ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። አስተማሪዬ ለመልካም አስበው "በግራ እጇ ብትለማመድ ይሻላል" ሲሉ እናቴ ቤት እስክንደርስ አለቀሰች።

የአጥንት ሐኪሙ የላኩን ሆስፒታሉ ግቢ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ገና በሩን ስንከፍት የቀለጠ ሰም ሽታ ተቀበለን። እጅ የሚነከርበት ሰም በኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ሁልጊዜ ለብ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ከግድግዳው ጋር የታሰረ መንኮራኩር፣ ሕመምተኞች ተደግፈው የሚራመዱባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች፣ ቀለሙ የተላጠ ኳስ አለ። ጥጉ ላይ ደግሞ ባለመስታወት የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቆሟል። ውስጡ ግን መድኃኒት የለም። ከላይ እስከ ታች ሮቦት ነው፤ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ መኪና፣ አውሮፕላን፣ እንሽላሊት ሆኖ ተኝቷል።

ኦቦ ለሚ ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ነጭ ጋዋናቸው ለቁመታቸው የሚያጥር ሰው ነበሩ። ሰዉ "ዶክተር" ሲላቸው "ዶክተር አይደለሁም፤ እኔ ለእጅና ለእግር የረሱትን ሥራ ነው የማሳስበው" ይላሉ።

እናቴ ቁም ሣጥኑን አየችና "የልጆችዎ ነው?" አለቻቸው።

"የኔ ነው" አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። "ልጆቼ ቢነኩብኝ እቆጣለሁ።"

ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች "በሃምሳ ዓመቱ መጫወቻ የሚሰበስብ! ልጄን ለማን ነው የሰጠኋት?" አለች።

እውነትም ይሰበስቡ ነበር። በሥራ ምክንያት ጊንጪ፣ ጉደር፣ እጃጂ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚደርሱት የሰልባጅ ተራ ነው። ሰው ጃኬትና ብርድ ልብስ ሲያገላብጥ እሳቸው ከክምሩ ሥር የወደቀ ክንድ፣ ጭንቅላት የሌለው አካል ይፈልጋሉ። የክንዱን ባለቤት ለማግኘት አንዳንዴ ዓመት ይጠብቃሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ ካርቶን ሲፈታ "ኦቦ ለሚ መጡ፣ ዕቃ ደብቁ!" እያሉ ባለሱቆቹ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ምክንያቱም ከገዢ ሁሉ ፊት የዕቃውን እንከን ይናገራሉ።

ደግሞም ያውቁ ነበር። እኔ ሮቦት ሁሉ ሮቦት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ክንዱን ያነሡና ይለቁታል። ባለበት ከቆመ ጥሩ፤ ከወደቀ መጋጠሚያው ላልቷል። ቀጥሎ በአንድ እግሩ ያቆሙታል። ቀለሙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፈትሻሉ። ከዚያ ወደ መኪና ይለውጡትና ገልብጠው ሆዱን ያያሉ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለ እጅ ካዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ይሄ መኪና አይደለም፤ በሆዱ የተኛ ሰው ነው" ይላሉ። ከሁሉ የሚጠሉት ሮቦት ሲሆን የመኪናውን ጣሪያና ጎማ በሙሉ ጀርባው ላይ የሚከምረውን ነው። "ተሸካሚ" ብለውታል። ጥሩ የሚሉት መስታወቱ ደረት፣ በሩ ክንድ፣ ጎማው ተረከዝ ሆኖ ምንም ሳይተርፍና ሳይጎድል ቦታውን የሚያገኘውን ነው። እንዲህ ያለ ሲያገኙ እንደ ሕፃን ደስ ይላቸዋል። "እዪማ! እንዲህ አድርጎ ያሰበው ሰው ስንት ቀን አልተኛም ይሆን?" ይሉኛል።

ፈትሸው ሲጨርሱ ከቁስል ፕላስተር ትንሽ ቆርጠው ከአሥር ነጥብ ይጽፉና እግሩ ሥር ይለጥፋሉ። አሥር ያገኘ ግን አልነበረም።

"ለምን?" አልኳቸው አንድ ቀን።

እጄን ከሰሙ ውስጥ አወጡና ጣቶቼን ገልጠው አሳዩኝ። "አሥር የዚህ ነው። የታመመ ቢሆንም።"

ሕክምናው ይኸው ነበር። እጄ በሰም ይሞቃል፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያሻሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ ሲያመኝ በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በቀስ" ይላሉ። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ አንድ ሮቦት ይሰጡኛል። መጀመሪያ የሰጡኝ በሦስት ንክኪ መኪና የሚሆን፣ ለሦስት ዓመት ልጅ የተሠራ ወፍራም ቢጫ ነገር ነው። አንዱን በር ለማዞር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ብርጭቆ እንኳ መያዝ የማልችል ልጅ ግን በር ላዙር ብዬ ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ ኳስ ጭመቂ ቢሉኝ በሁለት ቀን እሰለች ነበር። እናቴም ወር ሳይሞላ "መጫወቻ" ማለቷን ተወች።

ከሁሉ በላይ ዓይኔ ያረፈው ሰማያዊው የጭነት መኪና ላይ ነው። ከአረብ አገር ወገቧ ተጎድቶ የተመለሰች አንዲት ታካሚያቸው መራመድ ስትጀምር ያመጣችላቸው ነው። ቁመቱ ክንዴን ያህላል፤ ከመኪና ወደ ሰው ለመለወጥ ከሠላሳ በላይ እርምጃ አለው። እግሩ ሥር ዘጠኝ ተጽፎበታል። ከዘጠኝ በላይ በቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም።

"እሱን መቼ ነው የሚሰጡኝ?"

"እሱ ይቆይ። ጣትሽ ገና ነው። ክረምት ላይ እናያለን።"

ክረምት ለእኔ ሩቅ ነበር። ፈተና ደርሷል፣ ደብተሬ በግራ እጅ በተጻፈ የዶሮ ጭረት ተሞልቷል። ሰማያዊውን መለወጥ ከቻልኩ ድኛለሁ ማለት ነው የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ። አንድ ዓርብ ኦቦ ለሚን ወደ መኝታ ክፍሎቹ ጠሯቸው። ቁም ሣጥኑ አይቆለፍም። ሰማያዊውን አወጣሁ፣ ከሹራቤ ጋር ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቤታችን ጓሮ አቮካዶው ሥር ተቀመጥኩ። ክንዶቹ ወጡ። ደረቱ ተከፈተ። ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ዳሌው ላይ ስደርስ እምቢ አለኝ። አዞርኩት፣ አልዞርም አለ። ጥርሴን ነክሼ አጠመዘዝኩት። ቋ አለና እግሩ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ ወደ ሕክምና ክፍሏ ገባሁ። በላስቲክ ያደረግኩትን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና "ኦቦ ለሚ፣ እኔ ነኝ የሰረቅኩት። ሰበርኩት" አልኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ፣ የተሰበረውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከውጭ ያሉት ባሕር ዛፎች ሲወዛወዙ ጥላቸው ፊታቸው ላይ ይመላለስ ነበር። ስብራቱ ዙሪያ ያለውን ነጭ መስመር በጣታቸው ደባበሱት።

"ዳሌውን የያዘው ፒን ከቀዳዳው ይወፍራል" አሉ በመጨረሻ። "በግድ ነው የገባው፤ አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም ነበር። ዘጠኝ አይገባውም። ወድጄው ነው ዘጠኝ የሰጠሁት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ለመሰበሩ ግማሹ ጥፋት የሠሪው ነው። ግማሹ ያንቺ፤ እምቢ ሲልሽ አልሰማሽውም። መውሰድሽ ግን ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ድንገት መነጽራቸውን አወለቁ።

"በየትኛው እጅሽ ነው ያጠመዘዝሽው?"

ጥያቄው አልገባኝም።

"ስታጠመዝዢው አካሉን የያዘው የቱ ነው? ያዞረው የቱ ነው? አሳዪኝ።"

እያለቀስኩ አሳየኋቸው። ግራዬ አካሉን ይዞ፣ ቀኜ እግሩን ጨብጦ።

ሁለት ጣታቸውን ሰጡኝና "ጭመቂ" አሉ። ጨመቅኩ። "የምሬን ነው፣ በደንብ!" ጨመቅኩ። ኦቦ ለሚ ጣታቸውን ሳያስለቅቁ ወደ ኮሪደሩ ጮሁ። "ሲስተር! ነይ ቶሎ! ይቺ ልጅ ምን እንደሰበረች መጥተሽ እዪ!" ነርሷ ደንግጣ እየሮጠች ስትመጣ ኦቦ ለሚ ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "ከሦስት ወር በፊት ብዕር የሚጥል እጅ ነው እኮ! ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንድ ጎልማሳ የማይሰብረውን ሰበርሽልኝ!"

ይቅርታ አገኘሁ ብዬ ዓይኔን ስጠርግ ወረቀትና እርሳስ አመጡ። "አሁን ቅጣትሽ። ለምን እንደተሰበረ፣ ምኑ ጥሩ፣ ምኑ መጥፎ እንደሆነ ጻፊ፤ ነጥብም ስጪው። በቀኝ እጅሽ።"

አምስት መስመር ለመጻፍ የቀረውን ጠዋት ፈጀሁ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ነበር። ሰባት ተኩል ሰጠሁት። ኦቦ ለሚ አንብበው "ጨክነሻል፤ ግን እውነት ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሮቦት፣ አንድ ገጽ ሆነ። የዓመቱን መጨረሻ ፈተና በቀኝ እጄ ጻፍኩ። ዘግይቼ፣ ከሁሉ በኋላ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ እጄን እንጂ ፊቴን አላየችም።

ኦቦ ለሚ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው እጃጂ ገቡ። በበዓል በበዓል እደውልላቸው ነበር። አስተማሪ ሆኜ ጊንጪ ስመደብ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከሁለት ዓመት በፊት ማረፋቸው ሲነገረኝ ከእናቴ ጋር እጃጂ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሮቦት ያነሣ ሰው አልነበረም። አንድ ገበሬ እርፍ የሚይዝበትን የዳነ ክንዱን እያጠፈና እየዘረጋ ያሳይ ነበር፤ አንዲት ልብስ ሰፊ እንዴት መርፌ መያዝ እንደቻለች እያለቀሰች ታወራለች። የመዘምራኑ ድምፅ ሲበርድ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። አልጋው ሥር ሦስት ካርቶን ነበር።

"ለቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል ልስጠው ብዬ ነው" አሉኝ። "እሱ ግን ሳይፈትሽ ለልጅ አይሰጥም ነበር። እኔ አላውቅበትም። አንቺ ለዪልኝ።"

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አወጣሁ። ክንድ አነሣሁ፣ ለቀቅኩ። አቆምኩ። ጠርዝ በጣቴ ደባበስኩ። የሚያልፈውን በቀኝ፣ የማያልፈውን በግራ። አንዲት ጎረቤት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ከግራው ክምር አንዲት አረንጓዴ አውሮፕላን አንስታ "ይቺ ምን ሆነች? ቆንጆ አይደለች?" አለችኝ።

"ቆንጆ ናት። ግን ፒኗ ወጥቷል፤ ሕፃን ይውጠዋል። አትሆንም።"

ሴትዮዋ ወደ አዴ ጫልቱ ዞረች። አዴ ጫልቱ "አትሆንም ካለች አትሆንም" አሉና አውሮፕላኗን ተቀብለው ወደ ቦታዋ መለሱ።

በማግስቱ ፍተሻውን ያለፉትን ሮቦቶች ተሸክመን ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወሰድናቸው። መደርደሪያው ከፍ ብሎ ነበር የተመታው። አናጢውን ጠርተን አስነቀልነውና ዝቅ አድርገን አስመታነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ላይ።