በፎቶ ያለቀው ድልድይ

ሱራትሚ ስትናደድ ድምጿ ከሞተር ብስክሌቷ ቀድሞ ይደርሳል ይላሉ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች። እውነታቸውን ነው። በዚያ የጃቫ አውራጃ መንገዱንም፣ ቦዩንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ መንግሥት የሚያሠራውን ሁሉ እየዞረች ስትከታተል ፀጉሯ ሸብቷል። ሲሚንቶ የሚሰርቅ ተቋራጭ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ቂመኛ ግን አይደለችም። ተናግራ ይወጣላትና የተጠበሰ ቴምፔ፣ ያን የአኩሪ አተር ቂጣ፣ ገዝታ የጮኸችበትን ሰው ራሱን ትጋብዘዋለች። በዚህ ድልድይ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወጣላትም። ይውጣላት ማለትም ነውር ነው!

ድልድዩ የእህቷ ነገር ነበር። ታናሽ እህቷ ጊየም ከወንዙ ማዶ ትኖራለች። ጧት ጧት የቴምፔ ቅርጫቷን ተሸክማ በቀርከሃ ታንኳ ተሻግራ ገበያ ትወጣለች። ባለፈው ክረምት ያው ታንኳ ተገለበጠና ባሏን ወንዙ ወሰደው። ሱራትሚ ለቅሶ ቤት ውስጥ እጇን ጨብጣ፣ «የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ በእግርሽ ትሻገሪያለሽ። እኔ እህትሽ እያለሁ!» አለቻት። ድልድዩ ተፈቀደ፤ ክትትሉም ለእሷው ደረሰ። ምሰሶዎቹ ከውሃው ቀና ሲሉ ጊየም ዳር ቆማ አለቀሰች።

ሲስተሙ የመጣው ያን ሰሞን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አሉ። ከየሥራው የሚላከውን ፎቶ ያያል፣ መረጃውን ይተነትናል፣ ያለቀውን አረንጓዴ የዘገየውን ቀይ አድርጎ ለአለቆች ያሳያል፤ ማሽንና ብረት ወዴት እንደሚሄድም እሱ ያዛል። የቢሮው ኃላፊ ፓክ ሱባግዮ («ፓክ» በእነሱ አገር «አቶ» እንደ ማለት ነው) ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አሰቅሎ፣ «ከእንግዲህ ማንም አይዋሸኝም!» ብሎ ፎከረ። ሱራትሚም ደስ ብሏት ነበር፤ ሌቦቹ ተቋራጮች ሲርበተበቱ ታይተዋታላ። ከእሷ የሚጠበቀው ዓርብ ዓርብ ፎቶ መላክ ነው። ካልላከች ሥራው ቀይ ይሆናል።

በዚያ አገር ደግሞ ምሰሶ ከቆመ በኋላ የወንዙ ድግስ አለ። ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ከምሰሶ ምሰሶ ቀርከሃ ይረበርባል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ሽማግሌዎቹ ከውሃው በላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጉና ቢጫው የሩዝ ክምር ይቆረሳል። ይህ ሳይሆን ብረት የሚያነሣ ሠራተኛ የለም። ድግሱ ዓርብ ላይ ዋለ። ሥራ የለም፣ ሲስተሙ ግን ፎቶ ይላል። ምን ታድርግ? ባንዲራው ሲውለበለብ፣ ጊየም መሃል ላይ ቆማ ሩዝ ስታድል አንስታ ላከች። የድግስ ርብራብና ድልድይ ይምታታል ብሎ ማን ያስባል? እዚያ ሰፈር ሕፃን እንኳ ይለየዋል።

ሲስተሙ አልለየውም። ከዳር ዳር የተዘረጋ ነገር አየ፣ በላዩ ሰው አየ፣ ባንዲራ አየ። «ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ብሎ አረንጓዴ አበራ። ሰኞ ጧት ተቋራጩ ብረቱን ጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ ነጎደ።

ሱራትሚ የኃላፊውን በር ሳታንኳኳ ገባች። የሲስተሙ ባለሙያ ሄንድራም አጠገቡ ተቀምጧል።

«ፓክ፣ ድልድዩ አላለቀም!»

«አልቋል እንጂ» አለ ፓክ ሱባግዮ ስክሪኑን በአገጩ እያሳየ። «ፎቶውንስ የላክሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እሱ የድግስ ርብራብ ነዋ! እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይደሉም? ስንቱ ላይ ተቀምጠው ሩዝ በልተው የለ!»

«በልቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን የአውራጃው አስተዳዳሪ በስብሰባ ፊት አጨብጭበውልናል። አሁን ቀይ ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?»

«በዚሁ አፍዎ!»

«ይረጋጉ እንጂ፣ እናቴ» አለ ሄንድራ። «ሲስተሙ ዘጠና ስምንት በመቶ እርግጠኛ ነው።»

«እንግዲያው የወለደችህን እናት አምጣና አሻግርበት!»

ሄንድራ አቀረቀረ። ኃላፊው ግን፣ «ሐሙስ ይመረቅ፤ ከዚያ ለጥገና ብለን በጀት እንጠይቃለን» አለ።

«ከዚያማ ዝናቡ ነው!»

«እንግዲህ ምን ላድርግሽ?»

ወይ ሹመት! ያውቃል እኮ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ማሽኑስ ልብ የለው፣ ምን ይፈረድበታል? የሚያቃጥለው ልብ ያለው ሰው ከማሽን ጀርባ ተሸሽጎ ሲዋሽ ነው።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወንዙ ዳር ሄደች። ጊየም ቅርጫቷን ተሸክማ፣ እየተንቀጠቀጠ በሚሸሸው ቀርከሃ ላይ ወደ እሷ ትመጣለች።

«አንቺ! አብደሻል? ለድግስ የተረበረበ እኮ ነው!»

«አልቋል ብለው በሬዲዮ ነገሩን» አለች ጊየም እየሳቀች። «ሰዉ ሁሉ ይሻገርበታል። ደግሞ በእግርሽ ትሻገሪያለሽ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ሱራትሚ ወደ ርብራቡ ጫፍ ሮጠች። እህቷን ከዳር ተቀብላ እጇን ሳትለቅ፣ «ሰፈሩን ጥሪልኝ። ገጀራም ይዘው ይምጡ» አለቻት።

በደቦ የተረበረበው ሐሙስ ጧት በደቦ ተነሣ። አስተዳዳሪው በመኪና ታጅበው፣ በከበሮ ታጅበው ሲደርሱ ሪባኑ ከዳር ተወጥሯል። ከሪባኑ ወዲያ ምሰሶዎቹና ደፍራሹ ውሃ ብቻ ናቸው።

«የታለ?» አለ ፓክ ሱባግዮ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ምኑ?» አለች ሱራትሚ።

«ድልድዩ ነዋ!»

«ይኸው ከፊትዎ! አረንጓዴ አይደል እንዴ? ይለፉ እንጂ፣ ምን ያስፈራዎታል?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጊየም ግን አልሳቀችም። ቅርጫቷን እንዳዘለች መጥታ ከአስተዳዳሪው ጎን ቆመች። «ጌታዬ፣ እርስዎ ከተሻገሩ እኔም እከተላለሁ። ባለቤቴም የሄደው በዚሁ ውሃ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አስተዳዳሪው መቀሱን እንደያዙ ቀሩ። ሱራትሚ ስልኳን አወጣችና እሳቸውን፣ ሪባኑንና ባዶውን ውሃ አንድ ላይ አንስታ ለሲስተሙ ላከች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ቀይ ሆነ።

ብረቱ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ድልድዩም ዝናቡ ሳይመጣ አለቀ። ሱራትሚ ግን «የተጠናቀቀ ድልድይ አፍርሳለች» ተብላ ከክትትል ተነሣችና ዕቃ ግምጃ ቤት ተጣለች። ፓክ ሱባግዮ ቀዩን ቶሎ አረንጓዴ አድርጓል ተብሎ ተሸለመ። ጉድ ነው!

የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ዕለት ጊየም ቅርጫቷን ይዛ በብረቱ ድልድይ አፍ ላይ ቆመች። ጎረቤቶቿ ስልካቸውን አውጥተው ሊያነሷት ሲሰለፉ፣ ሱራትሚ ከወዲህ ማዶ ወንዙን በሚያስንቅ ድምፅ ጮኸች፦

«አስቀምጡት! መጀመሪያ ትሻገር!»