በጆሮ የተቆጠሩ ልጆች

ፋንታሁን ካረጀ በኋላም፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ፀሐይ እየሞቀ ሳለ የደምቢያውን ምንጭ ካነሡበት፣ ምሳው ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አይቆምም ነበር። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ዘመን ነበር እሱ! ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው። አገሩ ገና ቁስሉን እየዳሰሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሁሉ ሹም የሚመስልበት ጊዜ። ሽማግሌውን ያ ዘመን ሲናፍቀው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የቆሎ ተማሪነቱን ትቶ፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ፣ ጎንደር ላይ በአንድ የእናቶችና ሕፃናት መርጃ ማኅበር ተቀጥሯል። ማኅበሩ ከኮላ ድባ ወዲያ፣ እሱ በተወለደባት መንደር፣ ሰውና ከብት አብሮ ይጠጣው የነበረውን ምንጭ በድንጋይ አስገንብቶ ቧንቧ አወጣለት። ውኃው ኩልል ብሎ ሲወርድ ሴቶቹ ያሰሙት እልልታ ዕድሜ ልኩን ከጆሮው አልጠፋም። ቀጥሎ ተራው ከመንደሩ ወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ነበር። እነሱ ዘንድ ሕፃኑን ገና ተቅማጥ ይጨርሰዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ስማቸው ግን ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ምንጩ ልጅ ማትረፉ በቁጥር ካልታየ ሁለተኛው አይሠራም አሉ።

ፋንታሁን ምንጩ ሊሠራ ሲል መንደሩን ዞሮ ጠይቆ ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ ጠየቀ። ከምንጩ በፊት በነበረው ዓመት የሞቱት ሕፃናት አራት። ከምንጩ በኋላ ዘጠኝ! አቶ ስማቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህ ምንጭ ልጅ ፈጀ እንጂ መች አተረፈ፣ እንግዲህ የማዶዎቹ ነገር ይቅር አሉ። ፋንታሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። የመንደሩ ልጅ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የመጣው በማኪና፣ ካኪ ለብሶ፣ ጭቃ ሹሙን አስከትሎ ነው። ከጭቃ ሹም ጋር የመጣ ሰው ምን ሊጽፍ ይመጣል? ግብር ነዋ! ደግሞስ እዚያ አገር ልጅ ይቆጠራል እንዴ? የቆመውን መቁጠር ለክፉ ዓይን መስጠት ነው፤ የሞተውን መቁጠር ሞትን ስሙን ጠርቶ መመለስ ነው። ክርስትና ሳይነሣ የሞተውንማ ከእናቱ በቀር የሚያስበው የለም። ሴቶቹም «እግዜር ያውቃል» ብለው ሸኙት። በዓመቱ ግን ቁስላቸውን ሲያጥብ፣ እህላቸውን ሲበላ ከርሞ ነበርና የልባቸውን አጫወቱት። የበዛው ሞቱ አልነበረም፤ የተነገረው ነው።

ይህን ሲያስረዳ አቶ ስማቸው የፊተኛውን ቁጥር እንዲያርም አንድ ሳምንት ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ራፖሩ፣ የጽሑፍ ዘገባው፣ እንዳለ ይላካል። መንደር ወርዶ ቢለምን ቢማጠን፣ ሴቶቹ አንዴ ያለቀስንለትን የቆየ ሙት ዳግመኛ በአፋችን አናነሣም ብለው ድርቅ አሉ። መላውን ያመጡት አዋላጇ እማሆይ አመተ ሥላሴ ናቸው።

«አፋችን አይቁጠር፤ እጃችን ይጣል» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር እንስራ ተቀመጠ። በዚያች ከምንጩ በፊት በነበረችው ዓመት ልጅ የቀበረች ሁሉ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሽምብራ ልትጥል ነው። ፋንታሁን እንዳያይ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ተቀመጠ። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ጠብ፣ ጠብ። በጆሮው እየቆጠረ አሥራ ዘጠኝ ሰማ። ሲያበቃ፣ ተመስገን፣ ማዶዎቹ ዳኑ ብሎ ሊነሣ ሲል አምስት ሽምብራ ተከታትሎ ወደቀ። ዞር ቢል እናቱ ብርነሽ ናት። ሽበቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እሱ የሚያውቀው ደግሞ ከእሱ በቀር አለመውለዷን ነው።

«እማ፣ የጠየቅሁት እኮ የዚያችን ዓመት ብቻ ነው» አላት።

«እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለችው።

ወደ እንስራው ተመለከተ። አምስቱ እዚያው ቢቀሩ ቁጥሩ ይበልጥ ያምራል፤ አቶ ስማቸው በምን ያውቃሉ? ማዶዎቹንም ይጠቅማል። ግን በእናቱ ሙት መዋሸት አልሆንልህ አለው። እጁን ወደ እንስራው ሰዶ አምስት ሽምብራ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። እሷም ጨበጠችው። ራፖሩ ላይ አሥራ ዘጠኝና ዘጠኝ ብሎ ጻፈ፤ የማዶዎቹም ምንጭ በዓመቱ ተሠራ።

ያን ዕለት ወደ ቤቷ ሲሸኛት፣ የልጆቹ ስም ማን ማን ነበር ብሎ ጠየቃት። ሦስቱን በየክርስትና ስማቸው ጠራቻቸው። ሁለቱ ክርስትና ሳይነሡ ነበር የሞቱት። እነሱንም በወራቸው፣ አንዱን «የሐምሌው»፣ አንዷን «የመስከረሟ» አለቻቸው።