መቀነት የታጠቀ ግድግዳ

ሞረት ገበያ በሬ ስመርጥ ነው የያዙኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛውን አውቀው ስለነበር ሰላም ልለው እጄን ብዘረጋ ጨብጦ ያዘኝና አልለቀቀኝም። ጥፋቴ ደብዳቤ መጻፌ ነው። አንድ የአገራችን ባላባት ቃላቸውን አስጽፈውኝ ነበር፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ተያዘና ሸፍተዋል ተባለ። እሳቸው ወሬውን ሰምተው ወደ ቆላ ሲወርዱ እኔ በሬ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። የተማረ ሁሉ ብልህ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ይኸው እኔን ይይ።

አንኮበር ስንደርስ ጉሙ ተራራውን ውጦታል። ንጉሡ እንጦጦን መውደድ የጀመሩበት ዘመን ቢሆንም፣ ያኔ ግምጃ ቤቱም እስረኛውም ያለው ገና አንኮበር ነበር። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ እህል ይከተትበት የነበረ ነው፤ የገብስ ሽታ አልለቀቀውም። ጨለማውን እስክለምደው ድረስ ያየሁት ነገር ቢኖር በሩ አጠገብ ልስኑ የረገፈበትን ቦታ ብቻ ነው። ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ ከላዩ አግድም የተጋደመ ቀይ የጥድ ግንድ፣ እንደገና ድንጋይ፣ ከዚያም ብጫ ጭቃ። አንድ ሽማግሌ እዚያው ሥር መደቡ ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ግንዱን ይዳብሱታል። አእምሯቸውን የሳቱ መሰለኝ።

በዚያ ዘመን እስረኛ ከጠባቂው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ያን ዓመት ግን ወታደሩ ዘመቻ ሄዶ ጠባቂ ጠፋ፤ ስለዚህ እስረኛን ከእስረኛ ጋር አቆራኙ። የኔን ቀኝ እጅ ከሽማግሌው ግራ እጅ ጋር አሰሩት። አሳሪው ቀለበቱን በመዶሻ ሲመታው «የጻፈው ይኸኛው እጅ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌው ጠይብ ነበሩ፤ ግንበኛ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። የጠይብ ዓይን ይበላል እየተባልን ነው ያደግነው፤ እናቴ ማረሻ ልታስል የሄደች ዕለት እንኳ ስንቋን በነጠላዋ ውስጥ ትደብቀው ነበር። አሁን እንግዲህ ሁዳዴ ነው፣ አንኮበር የተዳረች እኅቴ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ የገብስ ቂጣና ሽሮ ትልክልኛለች፤ እኔ ቀኝ እጄን ወደ ሳህኑ ስዘረጋ የጠይቡ ግራ እጅ ተከትሎኝ ይመጣል። የመጀመሪያውን ቀን ሳልበላ አደርኩ። በግራ እጅ መብላት ነውር፣ በቀኝ እጄ መብላት ደግሞ ፍርሃት ሆነብኝ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሳህኑ ሲመጣ ግራ ክንዳቸውን እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ ድረስ ዘርግተው ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስክጨርስ ድረስ አልዞሩም። እኔም ነጠላዬን ከላይ ተከናንቤ በላሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ሆነ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ያን ጊዜ ግን ሰውዬው ወጉን የሚያውቅ ጠይብ ነው ብዬ ከማመስገን አልፌ አላሰብኩም።

ቀኑ ረጅም ነው፤ ዝም ብሎ አይመሽም። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ «ምንድን ነው ይህን ግንድ ሁልጊዜ የምትዳብሰው?» አልኳቸው። አንተ ነበር የምላቸው።

«ልጄ ነዋ» አሉ። «ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ስምንት ክረምት አልፎበታል። ይኸው፣ ጥፍርህን አስገባበት እስቲ።»

በድንጋዩና በግንዱ መካከል ጥፍሬን ብሞክር አልገባም።

«ድንጋይ መሸከም እንጂ መያዝ አያውቅም። ጎረቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እንጨት ደግሞ መያዝ ያውቃል፤ ግን መሬት ከነካው ይበሰብሳል። ስለዚህ ድንጋዩ ከሥር፣ እንጨቱ ወገቡ ላይ። ጭቃው ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። ሴት ሸክም ስታነሣ መቀነቷን ጠበቅ ታደርግ የለም? ግድግዳም መቀነት ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲያ እስር ቤቴን ማየት ጀመርኩ። የመደቡ ጠርዝ እንዳይፈረፈር በጠፍጣፋ ድንጋይ መከበቡን፣ መሐሉ ግን ለጎን እንዲመች ጭቃ መሆኑን አየሁ። ጣሪያው የመንዝ ጓሳ ሣር ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲወርድበት ድምፁ እንኳ አይሰማም። ስምንት ዓመት ዜማ ቤት ስኖር የተቀመጥኩበትን ቤት አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ሰው የሚኖርበትን ቤት ለማየት መታሰር አለበት እንዴ?

የታሰሩበትንም ነገሩኝ። አንድ መኰንን እዚሁ አንኮበር ትልቅ አዳራሽ አሠርተው፣ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ማዕዘኑ ተሰነጠቀ። የሥራው አዛዥ የነበረው ሰው «ጠይቡ ከጠላት ተማክሮ ጌታዬ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ የሠራው ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ከተፈረደባቸው ቀኝ እጃቸው ይቆረጣል።

«እውነት ነው?» አልኩ።

«ጥዱ በታኅሣሥ ተቆርጦ በታኅሣሥ ግድግዳ ገባ። ዓመት ይድረቅ ብዬ ነበር። አዛዡ ለጥምቀት ግብር መድረስ አለበት አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መቀነቱ ላላ፣ ድንጋዩ ተፈታ።»

«ታዲያ ለምን ሠራኸው?»

ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አፌ ፈራ፣ እጄ ሠራ። አሁን የሚጠየቀው እጄ ነው።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጧት ያው አዛዥ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌው ድንጋይ የሆኑ ይመስል፣ እኔን ብቻ አናገረኝ።

«አንተ የቄስ ልጅ ነህ፤ ቃልህ ይታመናል። ዛሬ ዳኛው ይመጣሉ። ይህ ጠይብ ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት ሲል ሰምቼዋለሁ በል። ያንተን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ። ፋሲካን ከናትህ ጋር ትፈስካለህ።»

ሽማግሌው ልክ ስበላ እንደሚያደርጉት ግራ ክንዳቸውን ዘረጉልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አዛዡ ከሄደ በኋላም አልዞሩም። እንዳላፍር ነው። ልሸጣቸው እንደምችል አውቀው፣ ስሸጣቸው እንዳላፍር ፊታቸውን ማዞራቸው ነው።  በእርግጥ ፋሲካን ቤቴ መዋል እፈልግ ነበር፤ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን ያን ጀርባ እያየሁ የምናገረው ውሸት አልመጣልኝም።

ዳኛው ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሸምገል ያሉ፣ ዓይናቸው የሚጨናበስ ሰው ናቸው። አዛዡ ከጎናቸው ቆሟል።

«ንጉሥ ይሙት ብለህ ማል» አሉኝ። «ይህ ሰው ምን ነገረህ?»

«ንጉሥ ይሙት» አልኩ። «እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ይድረቅ ብዬ እንቢ ተባልኩ ነው ያለኝ። ሌላ ሲል አልሰማሁም።»

አዛዡ ሳል ያዘው። «ሁሉም እንጨት ደረቅ ነበር፣ ጌታዬ። ጠይቡ እየዋሸ ነው፤ ይህም ልጅ ከሱ ጋር ተቆራኝቶ ልቡ ተወስዷል።»

«ጌታዬ፣ ይህንንም ቤት የሠራ እሱ ነው» አልኩ። «ደረቅ የገባ መቀነትና እርጥብ የገባ መቀነት ካራ ይለያቸዋል፤ በላላው ይገባል። እዚህ ይሞክሩት፤ ከዚያ አዳራሹ ላይ ይሞክሩት።»

ዳኛው ካራቸውን መዘዙ። በሩ አጠገብ ሊሞክሩ ሲሉ አዛዡ «ያ ንፋስ የመታው ነው፣ ምስክር አይሆንም» አለ። «እንግዲያ መሐሉን ክፈቱት» አሉ ዳኛው። በር ላይ የቀረው አንድ ጠባቂ በዶማ የግድግዳውን ሆድ ሲፈነቅለው ሽማግሌው በእያንዳንዱ ምት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልስኑ ወረደ፣ ቀዩ ጥድ ብቅ አለ፣ ቤቱ በጥድ ሽታ ተሞላ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ሽታ እዚያ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር! ዳኛው በግንዱና በድንጋዩ መካከል ካራውን ገፉት። ጫፉ እንኳ አልገባም። ካራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ አዛዡም ተከተላቸው።

እኛ ቀረን። የሽማግሌው እጅ ነገር እዚያ ማዶ እየተቆረጠ ነው። እኔ ጸሎት ልጀምር ስል እሳቸው ተነሥተው ጠባቂውን ጠሩት።

«ወንድሜ፣ ከውጭ ጉድጓዱ ውስጥ የቦካ ጭቃ አለ። ጭዱ የገባበትን አምጣልኝ። በልጉ እየበረታ ነው፤ ውኃ ይገባበታል።»

ጠባቂው አፉን ከፍቶ አያቸው። «የታሰርክበትን ቤት ልትጠግን?»

«የማን ቤት ነው? የኔ ሥራ ነው» አሉ።

ጭቃው መጣ፤ እንደ ሊጥ የኮመጠጠ ሽታ አለው። ሥራው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ግራቸው ሲሄድ የኔ ቀኝ ይሄዳል። መጀመሪያ እጄን ከጭቃው ለማራቅ ሞከርኩ፤ ሰንሰለቱ ሥራቸውን ያዘባቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ያን ጊዜ እስከ ክንዴ ድረስ አስገባሁት። ከቀለምና ከብዕር በቀር የማያውቅ እጅ ነበር። «ከታች ወደ ላይ» አሉኝ። «አትደባብሰው፤ ግፋው።» ገፋሁት። ድንጋዩ ቀዝቃዛ፣ እንጨቱ ለብ ያለ፣ ጭቃው በመካከል። ስንጨርስ ሽማግሌው ወደኋላ ብለው አዩትና «ለጀማሪ አያሳፍርም» አሉ። ዜማ ቤት የተመረቅኩ ዕለት እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

እጃችንን ታጠብን። የእኅቴ ሳህን ቀርቦ ቆይቷል። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ሊዞሩ ሲሉ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩት።

«አይዙሩ፣ አባቴ» አልኩ።

ከቂጣው ቆርሼ ሽሮውን አጠቀስኩና ወደ አፋቸው አነሣሁ። ግራ እጃቸው ከኔ ቀኝ እጅ ጋር አብሮ ተነሣ። ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ሰው ቢያይህስ?»

«ይየኝ። ይጉረሱ።»

ጎረሱ። ከዚያ በቀኝ እጃቸው፣ ገና ፍርዱ ባልታወቀው በዚያ እጅ፣ እኔን አጎረሱኝ።

ሳህኑን ሳንጨርስ አሳሪው መዶሻውን ይዞ ገባ። ሁለታችንም ወደ ቀኝ እጃቸው አየን። «አዳራሹ ላይ ካራው እስከ እጀታው ገባ» አለ። «ዳኛው ይፈታና ሄዶ ያቃናው፣ በደረቅ እንጨት ብለዋል።» ቀለበቱን ሲፈታ ሽማግሌው አላለቀሱም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና የለሰንነውን ቦታ አሳዩኝ። «እስኪደርቅ እንዳትደገፍበት» አሉኝ።

ያን ፋሲካ እዚያው ዋልኩ፤ የሚቀጥለውንም። አዛዡ ቃሉን አልረሳም፤ ነገሬን በሌላ በኩል ጨረሰልኝ። ብቻ የለሰንነው ሲደርቅ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ቀረ፤ እዚያ በቆየሁበት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም።

አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጄ አጠገቤ ቤት እያሠራ ነው፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ ካላለበስኩት ይላል። ይልበስ፤ ዝናቡን እሱ ይስማው። እኔ ካራዬን ይዤ ግድግዳውን እዞራለሁ፤ ግንበኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ይሳሳቃሉ፣ ግን እርጥብ እንጨት አያስገቡብኝም። ጠይብ ቢሆኑም በምሳ ሰዓት ከኔ ጋር አንድ መሶብ ይቀርባሉ። አንድ ቄስ ዘመዴ ይህን አይቶ ተነሥቶ ሄደ። መልካም መንገድ ብዬ ሸኘሁት።

እሳቸውን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ግን ስንት ዓመት አልፎ፣ ለመጉረስ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ቀኝ እጄ ይቀለኛል። እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።